አምስተኛው ፎጣ

ታፍኖ የዋለ እርጥብ ፎጣ የሚያመጣው ሽታ አለ፤ ሳሙናም ሽቶም የማይሸፍነው፣ ጎምዘዝ ያለ ሽታ። ባለፈው እሑድ የልብስ ማጠቢያውን ክዳን ስከፍት፣ ረስቼው ካደረው ፎጣ ያ ሽታ ተነሥቶ ፊቴን መታኝና፣ እጄ ክዳኑ ላይ እንዳለ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ፣ ቴክሳስ ውስጥ ጋልቨስተን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ የአንድ ርካሽ ሆቴል የጓሮ ደረጃ ላይ የሚንጠባጠብ ፌስታል ይዤ ቆምኩ።

የአጎቴ ልጅ ቤቲ ሰው ሰብሰብ ባለ ቁጥር የምታመጣው ቀልድ አላት። «ትርሲትን በሻንጣ አድርገን ሆቴል ያስገባናት ጊዜ» ብላ ትጀምርና፣ እንዴት እንደታጠፍኩ፣ ዚፑ እንዴት አልዘጋ እንዳለ በእጇ እያሳየች ሠርገኛውን ሁሉ ታስቃለች፤ እኔም ፈገግ ብዬ ብርጭቆዬን አነሣለሁ። ሻንጣ አልነበረም። የነበረውን እኔ ልንገራችሁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መካከል የምንኖረው ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ሁለት መንገድ ገባ ብሎ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነበር፤ አጎቴ ጋሼ መኮንን፣ ሚስታቸው እትዬ አስካለ፣ ልጆቻቸው ሰለሞንና ቤቲ፣ እና እኔ። እኔ የጋሼ መኮንን የሟች ወንድም ልጅ ነኝ። ናይሮቢ፣ የስደተኛ ወረቀቱ ላይ አምስተኛ ሆኜ ተጽፌ ከነሱ ጋር አሜሪካ ስገባ አሥር ዓመቴ ነበር። የምተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ስለነበር፣ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ተነሥቼ ብርድ ልብሴን አጥፌ ከሶፋው ኋላ እከተው ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አራት መስቀያ ነበር፤ አራቱም ባለቤት ነበራቸውና የኔ ቡናማ ፎጣ ወጥ ቤት፣ የወንበር ጀርባ ላይ ይደርቅ ነበር። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም። ቤቱን ስንከራይ መስቀያው አራት ነበር፣ አራት ሆኖ ቀረ።

በበረዶው ወራት እትዬ አስካለ መሀል ዴንቨር ባለ ትልቅ ሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ ውለው፣ በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ኮልፋክስን ይዘው ይመጡ ነበር። ልብሳቸው በረኪና በረኪና ይሸት ነበር፤ የተሰነጣጠቁ ጣቶቻቸውን ቫዝሊን እየቀቡ የክፍሎቹን ወሬ ያወሩልን ነበር። «ሆቴል ሰው የሚቆጥረው በስም እንዳይመስላችሁ» ይሉናል፤ «በፎጣ ነው። ሁለት ነን ብለው ሦስት ፎጣ ካራሱ፣ ሦስት ናቸው። ሰው ይዋሻል፣ ፎጣ አይዋሽም።» እኛም እንደ ተረት አፋችንን ከፍተን እንሰማ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ በረዶው ጉልበት ድረስ በቆለለበት ቀን፣ መጥተው ምንም ሳያወሩና ሳይበሉ፣ እጃቸውን ደጋግመው ታጥበው ገብተው ተኙ። ምን ሆኑ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

እትዬ አስካለ አሰብ ተወልደው ያደጉ፣ አባታቸው ወደቡ ላይ ክሬን የሚነዱ ስለነበሩ፣ ባሕር ያላየ ልጅ ማሳደጋቸው ያሳፍራቸው ነበር። «ለናንተ ውሃ ማለት ከቧንቧ የሚወርደው ነው» እያሉ በሰለሞን ይሥቁበት ነበር። ሌላም ምኞት ነበራቸው፤ የቤታችንን አልጋ ባነጠፉ ቁጥር ወገባቸውን ይዘው ቀና ይሉና፣ «አንድ ቀን እኔም ሰው ባነጠፈው አልጋ ላይ እተኛለሁ» ይሉ ነበር።

በረዶው ቀልጦ ሣሩ ብቅ ብቅ ሲል፣ ፓርኪንግ ቤት ይሠሩ የነበሩት ጋሼ መኮንን ከአንድ ባልደረባቸው የጋልቨስተኑን ሆቴል ስልክ ይዘው መጡ። አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ ቢበዛ አራት ሰው። እኔ ወጥ ቤት ዕቃ አጥብ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«አምስት ነን ብዬ ልንገራቸው?» አሉ ጋሼ መኮንን፣ ስልኩን በመዳፋቸው ከድነው።

«አምስት ካልክማ» አሉ እትዬ አስካለ፣ «ሁለት ክፍል ውሰዱ ይላሉ። ሁለት ክፍል ካሉ ደግሞ ባሕሩን በካላንደር እናየዋለን።»

«ታዲያ ማን ሊቀር ነው?»

«ማንም አይቀርም። አምስት ሰው ይገባል፣ አራት ሰው ይታያል። እኔ ምን ስሠራ የምውል መሰለህ?»

የማይታየው ማን እንደሆነ አልተነገረም፤ የጠየቀም የለም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ አስካለ አፓርታማውን ሆቴል አድርገው ያለማምዱኝ ጀመር። የሆቴሉን ፎጣ አልነካም፤ ታጥቤ በቡናማው ፎጣዬ ከደረቅኩ በኋላ ወዲያው በፌስታል ቋጥሬ መኪናው ውስጥ እከተዋለሁ፤ ወለል ላይ እተኛና ጠዋት ብርድ ልብሴን ወደ ሻንጣ እመልሳለሁ፤ የሚጠይቀኝ ካለ «እዚህ አላርፍም» እላለሁ። ሻንጣ ውስጥ የገባው እንግዲህ ብርድ ልብሴ ነው። ሰለሞን ተቆጣጣሪ ሆኖ ሶፋው ላይ ይኮፈስና «ኤክስኪውዝ ሚ፣ እዚህ ጸጉር አግኝቻለሁ!» እያለ ሲጮህ፣ ቤቲ በሳቅ ወለሉ ላይ ትንከባለል ነበር።

«አንቺ ቀጭን ነሽ፣ ዝምተኛም ነሽ፣ ትችይበታለሽ» አሉኝ እትዬ አስካለ። ማመስገናቸው ነበር። ጋሼ መኮንን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የምቀየማቸው በዚህች በአንዲት ነገር ነው፤ ቀና ብለው «ለምን እሷ?» ቢሉ ኖሮ፣ መልሱ ያው እንኳ ቢሆን፣ መጠየቃቸው ይበቃኝ ነበር። እሳቸው ግን የእጅ ሰዓታቸውን ይሞሉ ነበር።

ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ፣ ዳቦ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ይዘን፣ በአሮጌዋ ቶዮታ አንድ ቀን ተኩል ተጉዘን በእኩለ ቀን ጋልቨስተን ደረስን። የብረት ምሰሶና መንገዱ ላይ የተንጠለጠለ ሰገነት ባላቸው የጥንት ሕንፃዎች መካከል፣ ቱሪስት የጫነ የፈረስ ጋሪ ከፊታችን ቀስ እያለ ሲሄድ፣ እትዬ አስካለ ባሕሩ ገና ሳይታየን አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ሸተተኝ! መኮንን፣ ሸተተኝ!» ብለው እንደ ልጅ ጮኹ። ሆቴሉ የዚያ ታሪካዊ ሰፈር ጫፍ ላይ፣ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ርቆ፣ የጨው ነፋስ ቀለሙን የላጠው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነበር። እነሱ በፊት ለፊት ገብተው ቁልፍ እስኪቀበሉ እኔ መኪናው ወለል ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ቆየሁና፣ ሰለሞን መጥቶ መስኮቱን ሁለት ጊዜ ሲያንኳኳልኝ በጓሮ ደረጃ ወጣሁ።

እትዬ አስካለ ክፍሉ ውስጥ እንደገቡ ጣታቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ አሹ፣ ጎንበስ ብለው ከአልጋ ሥር አዩ፣ የመታጠቢያውን መጋረጃ አሸተቱ። ከዚያም የአንሶላውን ጥግ ገለጥ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁና አልጋውን አፍርሰው እንደገና ያነጥፉት ጀመር።

«አንቺ ሴትዮ» አሉ ጋሼ መኮንን፣ «እዚህ ደሞዝ የለሽም፣ ተኚ!»

«ጥሩ እጅ ነው የነካው፤ ወገቧን ሳያማት አይቀርም። ግራው ጥግ ላይ ደክሟታል» አሉ እትዬ አስካለ፣ በሥራ የሚተዋወቁ ይመስል።

ባሕሩ ዳር ግን ቆጣሪ አልነበረም። ውሃው እንደ ካላንደሩ ሰማያዊ ሳይሆን ደፍረስ ያለ ቡናማ ነበርና ቤቲ «ኢዩ፣ ሻይ ይመስላል!» ስትል፣ እናቷ «ዝም በይ፣ ባሕር አይሰደብም» ብለው ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ገቡ። እኛን ተራ በተራ እያስገቡ መንሳፈፍ አስተማሩን። የኔ ተራ ሲደርስ መዳፋቸውን ከጀርባዬ ሥር አድርገው «አንገትሽን ልቀቂው፣ ጨው ይሸከምሻል» አሉኝ፤ ለቀቅኩት፤ ተሸከመኝ። የተሰነጣጠቀው እጃቸው ጀርባዬን ሲከረክረኝ ይሰማኝ ነበር። ያን ቀን ከሳቸው የቀረበ ሰው አልነበረኝም፤ ይህንም መጻፍ አለብኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ አልጋ አንጣፊዋ ከመምጣቷ በፊት ቡናማውን ፎጣ ወደ መኪናው ላደርስ ፌስታሌን ይዤ በጓሮ ደረጃ ስወርድ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ቀጭን ጥቁር አሜሪካዊት የአንሶላና የፎጣ ጋሪያቸውን ደረጃው ሥር አቁመው ወደ ላይ ያዩኝ ነበር።

«የየትኛው ክፍል ልጅ ነሽ?» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

«እዚህ አላርፍም» አልኩ፣ እንደተለማመድኩት።

ጸጉሬን አዩ፤ ውሃ ያንጠባጥባል። እግሬን አዩ፤ ነጠላ ጫማ አድርጌያለሁ። ከዚያ ፌስታሉን ከእጄ ወሰዱና ከፍተው ሲያሸቱት ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ጋሪያቸው ላይ አኖሩት፣ እየገፉ ሄዱ።

ማስረጃው ተወሰደ ብዬ ደረጃው ላይ ደርቄ ቀረሁ። ከሆቴሉ ብንባረር፣ እትዬ አስካለ ስንት ዓመት የተመኙት አልጋ በኔ እርጥብ ፎጣ ምክንያት ሊነጠቅባቸው ነው። ለማንም ሳልናገር ከነሱ ኋላ ኋላ ባሕሩ ድረስ ሄድኩ፤ ግን አልገባሁም። «ምነው ትርሲት፣ ትናንት ነክሶሻል እንዴ?» እያሉ እትዬ አስካለ ከውሃው ውስጥ ይጣሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተመልሰን በሩን ስንከፍት አልጋዎቹ ተነጥፈዋል፤ ትልቁ አልጋ ላይ አራት ነጭ ፎጣዎች ለሦስት ለሦስት ታጥፈው ተደርድረዋል፤ ከላያቸው አምስተኛ ሆኖ፣ ታጥቦና ደርቆ፣ ልክ እንደነሱ ለሦስት ታጥፎ፣ የኔ ቡናማ ፎጣ ተቀምጧል።

እትዬ አስካለ በጣታቸው ቆጠሩ። ወደኔ ዞሩና «ታየሽ!» አሉኝ፤ «አንድ ነገር አደራ ቢሉሽ፣ አንድ ነገር!» ጋሼ መኮንን ሻንጣውን ከግድግዳው ሥር ጎትተው «ሰው ሳይልኩብን እንውጣ» አሉ። ቤቲ ማልቀስ ጀመረች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ፣ ያቺ ባሕር ዳር የነበረችኝ እጅ ላትመለስ እንደሄደች አወቅኩ።

እትዬ አስካለ ቡናማውን ፎጣ አነሡና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። በረኪና ይሸት ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ተወው ሻንጣውን» አሉ። «ሊያስወጣህ የፈለገ ሰው አጥቦ አያጥፍልህም።» ፎጣውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ «እኔ ግን ተናግሬያለሁ፣ መኮንን» አሉ።

«ምን ተናገርሽ?»

«ያ በረዶ የጣለ ቀን። ሦስት ነን ብለው ስድስት ፎጣ አርሰው አገኘኋቸውና ለሱፐርቫይዘሩ ነገርኩት። ሕፃን ይዘዋል። ሲያስወጧቸው እናትየዋ ሎቢው ላይ የልጇን ጫማ እያሰረች ቀና ብላ አየችኝ።»

«ሥራሽ ነው፣ አስኩ።»

«ይህን ያጠበችውም ሴት ሥራዋ ነው» አሉ፣ ፎጣውን እያሳዩአቸው።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ አስካለ ከክፍሉ አልወጣም አሉ፤ እኔንም እንዳያወጡኝ ከለከሉ። በሩ ሲንኳኳ ራሳቸው ከፈቱ። ባለ ጋሪዋ አሮጊት አንሶላውን ይዘው ገቡ፣ እትዬ አስካለ ሌላውን ጫፍ ያዙ፣ ሁለቱ ከአልጋው ወዲህና ወዲያ ቆመው አንሶላውን አራግፈው፣ ጥጉን እንደ ፖስታ አጥፈው፣ እኩል ጀምረው እኩል ጨረሱ። ከዚያ እትዬ አስካለ እጃቸውን አናቴ ላይ አድርገው በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው «ሶሪ» አሉ። «ፋይቭ። ዊ አር ፋይቭ።»

አሮጊቷ ሣቁ። «አውቃለሁ እኮ» አሉ፤ «ሰው ስቆጥር አይደል የኖርኩት?» ተርጉሜ ነገርኳቸው።

«ሶሪ» ያሉት ለሴትዮዋ ነው። ለኔ አላሉም። ያን ቀን ግን የእጄን አንጓ ይዘው፣ አምስታችንም በፊት ለፊት በር፣ በእንግዳ መቀበያው በኩል ወጣን። ባንኮኒው ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣ ያነብ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየን። ምናልባት አንድም ቀን ቆጥሮን አያውቅም።

ኦሮራ ተመልሰን፣ ትምህርት ተከፍቶ፣ የመንገዱ ዳር ዛፎች ቅጠላቸውን ሲያራግፉ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ ጋሼ መኮንን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አምስተኛ ምስማር መትተው አገኘኋቸው። ጎብጧል፤ ከአራቱ መስቀያዎችም ዝቅ ብሏል። ማን እንዳዘዛቸው አልተናገሩም፤ እትዬ አስካለም ቀና ሳይሉ ሽንኩርታቸውን ይከትፉ ነበር። ቡናማውን ፎጣዬን ሰቀልኩት። ሶፋው ላይ መተኛቴ አልቀረም፤ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ እዚያው ተኛሁ።

አሁን እኔ የዚያን ጊዜዎቹን እትዬ አስካለ በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ። ጋሼ መኮንን ካረፉ በኋላ እሳቸውን ማን ይያዝ ሲባል፣ ሰለሞን የሚኖረው ሌላ ስቴት ነው፤ ባለ አራት መኝታ ቤቷ ቤቲ ደግሞ «ቦታ የለኝም» አለች። ስለዚህ ከኦሮራ ብዙ በማትርቀው ሴንቴኒያል ከኔ ጋር ይኖራሉ፤ የራሳቸው ክፍል፣ የራሳቸው አልጋ አላቸው። አልጋውን ጠዋት ጠዋት እኔ አነጥፈዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ግራ ጥጉን ያስተካክሉታል። ቤቲ ባለፈው ሠርግ የሻንጣውን ቀልድ ስታወራ ከሰው ጋር አብረው ሣቁ። በዚያ ሠርግ ላይ ሻንጣ እንዳልነበረ ሊመሰክሩልኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ይበሉልኝ ብዬ ጠበቅኩ፣ አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ያን ጊዜ እርጥብ ፎጣዬ ለሰው እንዳይታይ በፌስታል አስቋጥረው መኪና ውስጥ ያስደብቁኝ ነበር። ዛሬ የሳቸውን እርጥብ ፎጣ፣ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር በረንዳ ላይ ልብስ አይሰጣም ብሎ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ቢጽፍልኝም፣ ጎረቤት ሁሉ በሚያየው ቦታ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ።