ከበሩ እስከ አልጋው የሄደው ጭረት

በጣሊያን ጊዜ ቡሬ ሥራ የገባሁ ዕለት መጀመሪያ ያሳዩኝ ወለል ነው። ካፖው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ከኋላው ቤት ወደተሠራበት ካሚዮን ወሰደኝ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ትንሽ ምድጃና መጋረጃ ያለው መስኮት አለው። መንገድ የሚቀይሰው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ይኖርበታል። ወለሉ ላይ እንደ ቆዳ የሚጠቀለል ቡናማ ንጣፍ ተለጥፎበታል፤ ሊኖሌዩም ይሉታል። መሐንዲሱ ሶሉ ሚስማር የተመታበት ጫማ ስለሚያደርግ፣ ወለሉ ድመት የቧጨረችው ይመስል ነበር።

"ይህን ታድነዋለህ ወይ? ይልሃል መሐንዲሱ" አለኝ አስተርጓሚው ተሰማ።

እኔ የማውቀው ሰም ነው። ለደብራችን ጧፍ የምሠራ ሰው ነበርኩ። ተንበርክኬ ንጣፉን አሸተትኩት፤ ተልባ ተልባ አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልፈራሁትም።

አሠራሩን በጥፋት ተማርኩት። መጀመሪያ ሰሙን ብቻ አቅልጬ ባፈስበት፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ወጣ። ቀጥሎ ለቀለም ያስቀመጡትን የተልባ ዘይት ጨመርኩበት፤ መልኩ እንዲመሳሰል ቀይ አፈር ነፍቼ ቀላቀልኩ። ጭረቱን በብሩሽ አጸዳለሁ፣ ድብልቁን በጋለ ማንኪያ እሞላለሁ፣ ሲቀዘቅዝ በቢላ አስተካክዬ በሱፍ ጨርቅ አሻለሁ። ያዘ። የማይይዘው ያደረ ጭረት ነው። ትቢያ ከገባበት ሰሙ ላዩ ላይ ይቀመጥና በሳምንቱ ይነሣል። ስለዚህ ጭረት በተጫረበት ቀን ይሞላል የሚል ሕግ አወጣሁ።

ከመጠገን መጠበቅ ይሻላልና የጠረጴዛውን እግሮች በአሮጌ በርኖስ ቁራጭ አለበስኳቸው፤ በሩ ሥር የፍየል ቆዳ አነጠፍኩ። የቀረው ጫማው ነበር።

"ተሰማ፣ በር ላይ ያውልቅ በለው።"

"አንገቴን ልታስቆርጠኝ ነው?"

"እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እናወልቃለን በለው።"

ተሰማ ምን ብሎ እንዳለዘበው አላውቅም። መሐንዲሱ ስቆ አወለቀ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር።

ሥራውን ወደድኩት። ይህን ማለት ዛሬም ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ሚስቴ ጥሩወርቅ የተለየችኝ በሱ ነው። ወንድሟ ጫካ ገብቶ ጣሊያን ገድሎታል። ከቤት ስወጣ፣ "ወንድሜን በገደሉ ሰዎች ጫማ ሥር ተንበርክከህ ልትውል ነው?" አለችኝ። ከረጢቴን አንሥቼ ወጣሁ። ዓመት ሙሉ ቃል አልላክሁላትም። ዘይቱን ባሞቅሁ ቁጥር ግን በጾም የምትወቅጠው ተልባ ይሸተኛል፤ ያን ጊዜ ትናፍቀኛለች።

በዓመቱ የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሚካኤል በአንድ ነጋዴ ላኩብኝ። "ጥሩወርቅን ለምኛት እሺ ብላለች። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሊያስታርቃችሁ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ድረስ" የሚል ነበር መልእክቱ። መንደራችን ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንለው ከተማ ወረድ ብሎ ነው፤ ከቡሬ በእግር አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል። መሐንዲሱም የይለፍ ወረቀት ጻፈልኝ።

በዋዜማው ማለዳ ከረጢቴን ይዤ ልሰናበት ስሄድ ሁለት ወታደሮች የብረት ሣጥን እየጎተቱ ያስገባሉ። ከበሩ እስከ አልጋው ጣት የሚያስገባ ጭረት ተሰመረ። መሐንዲሱ ራሱን ያዘ።

"እስክትመለስ አይቆይም ወይ? ይልሃል" አለኝ ተሰማ።

"አይቆይም" አልኩ።

ማንም አላዘዘኝም፤ ከራሴ አፍ የወጣ ነው። ማታ ተጉዤ እደርሳለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ሰዓት እላፊ መኖሩን እያወቅሁ። ስሞላና ሳሽ ውዬ መሸብኝ።

በሚካኤል ዕለት ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ መንደር ስደርስ ፀሐይ ገብታለች። አባ ብቻቸውን ከደጀ ሰላሙ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ጥላው እስኪዞር ጠበቀችህ" አሉኝ። "ሽማግሌ ተቀምጦ ያልመጣ ሰው እንቢ እንዳለ ነው ልጄ። ከአባቷ ጋር ወደ አገሯ ሄደች። ምን አስቀረህ?"

"ወለል" አልኳቸው።

አባቷ ቤት ድረስ ሄጄ ነበር፤ አልወጣችልኝም። በኋላ ሌላ ባል አገባች።

ጣሊያን የወጣ ጊዜ ካሚዮኑ ጎማው ተነቅሎ ቡሬ ቆሞ ቀረ። ገብቼ ያን ጭረት ፈለግሁት። በዓይኔ አጣሁት፤ በጣቴም ዳብሼ አጣሁት። እንዲያ አድርጌ ነበር የሠራሁት።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆነ ሰው የምለው ያንኑ ነው። ጭረት በተጫረበት ቀን ይሞላል። የትኛው ጭረት ቀድሞ እንደተጫረ ግን መጀመሪያ እይ።