በእርሳስ የተጻፈ ስም

እሷ ልደት ትመዘግባለች፣ እኔ ሞት እመዘግባለሁ። በከተማው መዝገብ ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በመካከላችን አንድ የማይዘጋ መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ አድርገን ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ባለጉዳዮች እሷን «እትዬ ልደት» ይሏታል። እኔን ምን እንደሚሉኝ መገመት አያቅታችሁም፤ ፊት ለፊቴ ግን ደፍሮ ያለኝ የለም። ወደሷ መስኮት የሚመጣ ሰው ከረሜላ ይዞ ይመጣል፣ ወደኔ የሚመጣው ደግሞ ሁለት ምስክር ይዞ። ስለዚህ ከረሜላውን እኩል እንድንካፈል ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተስማማን።

እውነተኛ ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ምክንያቴን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ማወቅ ያለባችሁ ስሟ ብርቅ መሆኑን ነው። ብርቅ ስል በከተማው ከሷ በቀር በዚያ ስም የሚጠራ ሰው የለም ማለቴ ነው። ያወጡላት አባቷ ናቸው። ትርጉሙን ስትጠይቃቸው «ስታድጊ እነግርሻለሁ» ይሏት ነበር። እሷ አደገች፣ እሳቸው ሳይነግሯት ሞቱ። እናቷን ብትጠይቅ «እኔ ምን አውቄ፣ አባትሽን አትጠይቂም ነበር?» አሏት። ቋንቋ ያስተምሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሦስት መዝገበ ቃላት አገላብጠው «ወይ የወንዝ ስም ነው፣ ወይ የሣር ዓይነት ነው» ብለው ሸኟት። ከወንዝና ከሣር መምረጥ ቢያቅታት ሁለቱንም ተወቻቸው።

ልጅ አልወለደችም። ምኞቷ አንድ ነበር፤ ጡረታ ከመውጣቷ በፊት አንዲት፣ አንዲት ብቻ፣ ሴት ልጅ በሷ ስም መመዝገብ። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን በግልጽ ነገረችኝ።

«ስሜ በኔ መስኮት አንድ ጊዜ እንኳ ሳያልፍ ባንተ መስኮት እንዳያልፍ ነው የምፈራው።»

«አይዞሽ፣ እኔ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው» አልኳት። ሳቀች፤ ግን ነገሩ የምሯ እንደሆነ ዓይኗ ያስታውቅ ነበር።

እጇን አጣጥፋም አልተቀመጠችም። ስም ያልመረጠ ወላጅ ሲመጣ ዓይኗን በጨው አጥባ የራሷን ታቀርባለች። ትርጉሙ እንደ ባለጉዳዩ ይለዋወጣል። ለነጋዴ «በረከት ማለት ነው» ትላለች። ለወታደር «የማይደፈር»፣ ለሐኪም «ጤና»። አንድ ጊዜ አንዲት ልብስ ሰፊ «እስቲ ሥራዬን ሳልነግርዎት ትርጉሙን ይንገሩኝ» ብላ አፏን አስያዘቻት። ሰዎቹ ፈገግ ብለው ይሰሟታል፣ «ያምራል» ይላሉ፣ ከዚያ በዚያው ሳምንት ለአራተኛ ጊዜ የሚጻፈውን ስም አስመዝግበው ይሄዳሉ።

አሁን ወደ እርሳሱ ልምጣ። ስም ሳይወስኑ የሚመጡ ወላጆች ብዙ ናቸው። አያት አንድ ይላሉ፣ አባት ሌላ ይላል፣ እናት ታለቅሳለች። ደንባችን «ወላጅ እስኪወስን መዝገቡ ላይ የስሙ ሣጥን ባዶ ይሁን» ይላል። የቀድሞው አለቃችን ግን ባዶ ሣጥን ባዩ ቁጥር ደማቸው ይፈላ ነበር፤ ሥራችንን የበደልን ይመስል ይጮኹብናል። እሷም መላ ዘየደች። ሣጥኑን ለጊዜው በእርሳስ ትሞላለች፣ ወላጆቹ ሲመለሱ በላጲስ አጥፍታ በቀለም ትጽፋለች። ለወንዶቹ ሰረዝ ታደርጋለች። ለሴቶቹ የራሷን ስም።

«አንቺ ሴትዮ፣ አበድሽ እንዴ?» አልኳት ያየሁ ዕለት።

«እርሳስ እኮ ነው! ትንሽ ቀን እንኳ ልየው።»

ለአለቃችን አልነገርኩም። ጥፋቱንም እንደ ከረሜላው ተካፍያታለሁ ማለት ነው።

ታዲያ ወላጅ ቶሎ አይመለስም። ልጁ ቤት ውስጥ ስም ይወጣለታል፣ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ መዝገቡን የሚያስታውሰው የለም። በየዓመቱ ሠላሳ ያህል ሴቶች ልጆች በእርሳስ እንደተጻፉ ይቀራሉ። እንዲህ ያደረገችበት ስድስት ዓመት ተደምሮ ስንት እንደሚሆን ሁለታችንም አስበነው አናውቅም።

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። ዋናው መሥሪያ ቤት መዝገቦቻችንን በመኪና ጭኖ ወሰደ። እዚያ ያሉ ወጣት ጸሐፊዎች እርሳስ ከቀለም ሳይለዩ ሣጥኑ ውስጥ ያገኙትን ሁሉ ገልብጠው አስገቡ። ከአራት ወር በኋላ መዝገቦቹ ተመለሱ፤ አብሮም «የሕፃናት ስሞች የስድስት ዓመት ዝርዝር» የሚል የታተመ ወረቀት ደረሰን። የሴቶቹን አምድ አየሁ። ሦስተኛ ደረጃ ላይ፣ ከነዚያ ስመ ጥር ስሞች መሐል፣ የሷ ስም ጉብ ብሏል። መቶ ሰማንያ ሦስት ልጆች! ከጎኑም «ከፍተኛ ዕድገት ያሳየ» ተብሎለታል።

ወረቀቱን ወደሷ ገፋ አደረግኩላት። መጀመሪያ ፊቷ በራ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳውቃት እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም። ከዚያ እርሳሱ ትዝ አላትና ክው ብላ ቀረች።

በሳምንቱ መነጽሩ ከፊቱ የሚበልጥ ወጣት መጣ። የብርቅ ስሞችን ትርጉም፣ ታሪክና ተወዳጅነት የማጠና ተመራማሪ ነኝ አለ።

«እትዬ፣ ይህ ስም ከዚህ መዝገብ ቤት ውጭ የትም የለም። እዚህ ግን እንደ ጉድ ይወጣል። ሕዝቡ ምኑን ወደደው?»

«እንግዲህ… ያምራል» አለች፤ ላብ አጥምቋታል።

ወደኔ ዞረ። «እርስዎ ጋ ደግሞ በዚህ ስም የሞተ አንድም ሰው የለም። ይህንን እንዴት ያዩታል?»

«ዕድሜ የሚሰጥ ስም ነው» አልኩት። ጻፈው! ጽፎም ከሥሩ አሰመረበት።

«ትርጉሙስ?» አላት።

ተመራማሪ ምን ሲባል ደስ እንደሚለው የምታውቅ አልመሰለኝም። እርሳሷን ከመሳቢያው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ተቀመጥ የኔ ልጅ» አለችው። ከሀ እስከ ፐ ነገረችው። ልጁ መጻፉን አቆመ።

«ለወንዶቹ ሰረዝ ካደረጉ ለሴቶቹስ ለምን ሰረዝ አላደረጉም?»

እርሳሷን መልሳ መሳቢያው ውስጥ ከተተች። አንጀቴን በላችው።

ነገሩን የሰማችው አዲሷ አለቃችን፣ በዕድሜ ልጃችን የምትሆን ወጣት፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን እየተሽኮረመመች ሰጠቻት። ትእዛዙ አጭር ነው፤ ጡረታ ለመውጣት በቀሯት ሦስት ሳምንታት መቶ ሰማንያ ሦስቱንም ስም አስተካክላ እንድትሄድ። ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ ስልክ ተደወለ፣ ወላጅ እስከ ደረጃው ተሰለፈ። አንዱ አባት «ልጄን አምስት ዓመት ሙሉ በሰው ስም ነው እንዴ ያሳደግኳት?» ብሎ ጮኸ። አንድ ባልና ሚስት ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላም ስላልተስማሙ መስኮቱ ሥር ጭቅጭቃቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። እሷ አንገቷን ደፍታ ስሟን በላጲስ ታጠፋለች፣ ፍርፋሪውን እፍ ትላለች፣ የሌላውን ትጽፋለች። ከሥራ ስንወጣ የቀረውን ትነግረኛለች። «መቶ አርባ።» «ስልሳ ሁለት።» «ዘጠኝ።» ሐሙስ ዕለት «አንድ» አለችኝና ተለያየን።

ዓርብ የመጨረሻ ቀኗ ነበር። ረፋዱ ላይ አንድ ሹፌር የስድስት ዓመት ልጁን በእጁ ይዞ መጣ።

«እናቴና ሚስቴ በስም አልተስማሙም» አለ ደከም ባለ ድምፅ። «ቤት ውስጥ ሁላችንም ሚጢ እያልን አሳደግናት። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ስትገባ ኮምፒዩተሩ የሰጠንን ወረቀት ወሰድን። አሁን ደግሞ ስህተት ነው ተባልን።»

«ስህተቱ የኔ ነው። ትክክለኛውን ይንገሩኝና ላስተካክል» ብላ ላጲሷን አነሳች።

ልጅቷ በሁለት እጇ የመስኮቱን ጠርዝ ይዛ ተንጠለጠለች። «አይጠፋም!»

«ምኑ የኔ ቆንጆ?»

«ስሜ! ክፍላችን ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ አራት ልጆች አሉ። ቲቸር ስትጠራ አራቱም አቤት ይላሉ። እኔ ስጠራ ግን እኔ ብቻ ነኝ።»

ላጲሱ አየር ላይ ቀረ። ዝም ብላ በቀለም ብትጽፈው ማን ይጠይቃት ነበር? እሷ ግን «እውነቱን ልንገርሽ» አለች። «ብቻሽን አይደለሽም። የኔም ስም ይኸው ነው።»

ልጅቷ ግንባሯን ቋጥራ አሰበችበት። «እንግዲያው እርስዎ ይቀይሩ።»

አባትየው የሚገባበት ጠፋው። እኔ ሳቄን ለመዋጥ የሟቾችን መዝገብ ፊቴ ላይ ዘረጋሁ።

«ስልሳ ዓመት ለምጄዋለሁ፤ እንዴት ብዬ ልቀይረው?»

«ትምህርት ቤት ይመጣሉ?»

«አልመጣም። ዛሬ ሥራ አቆማለሁ፤ ከነገ ጀምሮ ቤቴ ነኝ።»

«እሺ፣ ቤትዎ ከሆኑ ይሁን።» ደግሞም «ግን ትርጉሙ ምንድን ነው?» አለች።

በረከት? የማይደፈር? ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ።

«አላውቅም» አለች እትዬ ልደት። «አባቴ ሳይነግሩኝ ሞቱ።»

«እኔ ሳድግ እነግርዎታለሁ» አለች ልጅቷ።

አባትየው እፎይ አለ። «ይሁን በቃ። እናቴም ሚስቴም ያልመረጡት ስም ነው፤ አንዷም አትቀየመኝም።»

ላጲሱን መሳቢያ ውስጥ ጣለችና እስክሪብቶ አነሳች። በእርሳሱ ላይ፣ ፊደል በፊደል፣ በቀለም ጻፈችው። ዕንባዋ መዝገቡ ላይ እንዳይወድቅ ራሷን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ነው የጨረሰችው። ልጅቷ ከረሜላ ሰጥታን ሄደች።

«በል እንግዲህ» አለችኝ ከረሜላውን ለሁለት ለመክፈል እየታገለች፣ «አሁን ያንተም መስኮት በፈለገው ጊዜ ይምጣ።»

ቀልዱ አልጣመኝም። ተቆጣሁ፣ ጠረጴዛውን መታሁ፣ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ተናገርኩ። ዕንባዬ መጥቶ ስለነበር ነው። እኔም በሚመጣው ዓመት ጡረታዬ ነው፤ እስከዚያ አይሞከርም፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ተተኪዬ ይጨነቅበት አልኳት።

ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ እጅ የሰው ስም የጻፈው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ያንን ስም እንዲለምደው አልፈልግም።