የአባትህ ከብት ስንት ነው?

እስከ ዛሬ ድረስ «ልጄ ከመቶ ስንት አመጣ?» የሚል ወላጅ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ዕድሜውን የፈተና ወረቀት ሲያርም የጨረሰ መምህር እንዲህ ማለቱ ካሳቀ፣ ይሳቅ። እኔ ፈተና ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት ገና በልጅነቴ፣ ነገሌ ቦረና ነው።

አባቴ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ ፖሊስ ነበር። ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ደግሞ የቦረና ከብት አርቢ ልጅ ነው፤ ከተማ አክስቱ ዘንድ እያደረ ይማራል። ሂሳብ ለእሱ ጨዋታ ነበር። እኔ ከዴስኩ ሥር ጣቶቼን ሳጣጥፍና ስዘረጋ፣ እሱ መልሱን ይዞ ይቁነጠነጣል።

የሂሳብ አስተማሪያችን አንድ ልማድ ነበረው። ከክፍል ስንወጣ በሩ ላይ ይቆምና እያንዳንዳችንን «ዛሬ ያልገባህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ሁሉም ገብቶኛል» ያለ ልጅ ቶሎ አይለቀቅም። በማግስቱም ትምህርቱን የሚጀምረው ካልገባን ቦታ ነው። ዲሬክተሩ ይህን አይወድለትም፤ ማርክ የማይሰጥበት ጥያቄ ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነበር። የእሱ ደስታ በዓመቱ መጨረሻ ደረጃ እየጠራ አንደኛውን ማስጨብጨብ፣ ውራውን ማሳፈር ነው።

አንድ ቀን አስተማሪያችን እንዲህ አለን፤ «እረኛ ማታ ከብቱ ሲገባ እግር እግሩን ያያል። የምታነክስ ካለች ሊያክማት ነው። ነጋዴም ገበያ ላይ ያንኑ እግር ያያል፤ እሱ ግን ዋጋ ሊያወርድባት ነው። ፈተናም እንደዚሁ ነው። ማን እንደሚያይና ለምን እንደሚያይ ነው ነገሩ።» ጓደኛዬ በደስታ ጎኔን ጎሰመኝ። የእሱ ቤት ወሬ ክፍል ውስጥ ሲነሣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

በዚያ ዘመን ነገሌ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አይማሩባትም። መቀጠል የፈለገ ይርጋለም መሄድ አለበት፤ እዚያ ዘመድ የሌለው ደግሞ አዳሪ ካልገባ አይሆንለትም። በእኛ ዓመት ለትምህርት ቤቱ አንድ የአዳሪ ቦታ ተፈቀደ። የጓደኛዬ አባት ልጁን ለትምህርት የሰጠው የጎሣ ሽማግሌዎቹን ተከራክሮ ነበርና፣ «ቦታውን ካገኘህ ትሄዳለህ፤ ካላገኘህ ከብቱ ይጠብቅሃል» ብሎ ቆርጦ ነገረው።

በጽሑፍ ፈተናው እሱ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ ወጣን። የቀረን የቃል ፈተና ነው። ለዚያም ከጠቅላይ ግዛቱ አንድ ኢንስፔክተር በላንድሮቨር መጣ። ወላጆች ተጠርተው ከዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። የጓደኛዬ አባትም ከከብት ሰፈሩ መጥቶ ዱላውን ተደግፎ ከኋላ ቆመ።

ኢንስፔክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ልጁ እንዳይፈራ ብሎ ፈገግ አለና «አይዞህ፣ በምታውቀው ነገር ነው የምጠይቅህ» አለው። «የአባትህ ከብት ስንት ነው?»

ቦረና የከብቱን ቁጥር አይናገርም። ቆጥሮ መናገር ሞት መጥራት ነው ይላሉ። ማታ በረት ሲገቡ የጎደለችውን በመልኳና በቀንዷ ያውቋታል እንጂ ቆጥረው አይደርሱባትም። ስለ ከብት የሚጠየቀው ደህንነቱ ነው። ቁጥሩን የሚጠይቅ ግብር ሰብሳቢ ብቻ ነው፤ ለእሱም እውነቱን የሚነግረው የለም።

ጓደኛዬ አባቱን አየ። አባቱ መሬት መሬቱን ያያል።

«ናጋ ናቸው፣ ጌታዬ» አለ ልጁ።

«ደህንነታቸውን አልጠየቅሁህም። ስንት ናቸው? በግምትም ቢሆን ንገረኝ።»

«ደህና ናቸው» አለ እንደገና።

ከወላጆቹ መሐል አንድ ባለሱቅ «ላም አለኝ በሰማይ!» ብሎ ጮኸ። የከተማው ሰው በሳቅ ፈረሰ። አባቴም ሳቀ።

አስተማሪያችን ብድግ አለ። «ጌታዬ፣ እባክዎ በሌላ ሰው ከብት ይጠይቁት። የራሳቸውን መናገር ነውር ነው፤ ሂሳቡን ግን ያውቀዋል።»

«ተፈታኙ እርስዎ ነዎት ወይስ እሱ?» አለ ኢንስፔክተሩ። ዲሬክተሩ አስተማሪያችንን በኮቱ ጎትቶ አስቀመጠው። ልጁ ዜሮ ተሰጠው።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ጥያቄው ያው ነው። «የአባትህ ከብት ስንት ነው?»

«የለንም።»

«ጎሽ! ዜሮም ቁጥር ነው» አለና ሳቀ። ቀጥሎ ሰባትን በስምንት አባዛኝ፤ መለስኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ቦታውን ያገኘሁት ከብት ስላልነበረን ነው።

ሰዉ ሲበተን የጓደኛዬ አባት ወደ አስተማሪያችን መጥቶ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀው። ልጁ አስተረጎመ፤ «ይህን ሰው ምን በደልነው? ይላል አባቴ።»

እኔ ተናድጄ ጓደኛዬን «ምናለ ዋሽተህ አንድ ቁጥር ብትጠራለት!» አልኩት።

«አሳንሼ ብጠራ ያንሳሉ» አለኝ። «አብዝቼ ብጠራ ዓይን ይበላቸዋል።» በማግስቱ ከአባቱ ጋር ሄደ። አስተማሪያችንም ብዙ ሳይቆይ ተዛወረ፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቀን ቀረ።

ተምሬ፣ መምህር ሆኜ ነገሌ የተመለስኩት ንጉሡ ሊወርዱ ሲቃረቡ፣ ዝናቡ ጨርሶ በቀረበት ዓመት ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ በከብት ገበያው በኩል አለፍኩ። የከሳ ከብት ገበያውን ሞልቶታል። አንድ ነጋዴ ጎንበስ ብሎ የአንዲት ላም እግር ይዳብሳል፤ ገመዷን የያዘው ሰው ጓደኛዬ ነበር። ፊቱ ከእኔ በጣም ቀድሞ አርጅቷል።

ተሳሳምን። ቢያንስ ይህን እንኳ ልወቅ ብዬ በእነሱ ወግ ጠየቅሁት። «አካም? ከብቱ ናጋ ነው?»

ናጋ አላለኝም። ነጋዴው እየሰማ፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብሎ «አራት ቀሩ» አለ።

አልጨረሰም ነበር።

«ያ የላንድሮቨሩ ሰውዬ ጠይቆኝ አልነበር? በል ጻፍለት» አለኝ። «አራት።»

ደረት ኪሴ ላይ የማረሚያ ቀይ እስክሪብቶዬ ተሰክቶ ነበር። በእጄ ሸፈንኩት።