ከርዕሰ አንቀጽ ፊት ለፊት

«ጋዜጣው ላይ ወጣ ማለት የጋዜጣው ሐሳብ ነው» አለ መርማሪው።

አይደለም አልኩት። ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። በስተግራ ርዕሰ አንቀጹ፣ በስተቀኝ ስለ ሐይቁ ዳር መሬት የጻፍኩት፣ ከሥሩ ስሜ። የሚፈልገው «አዘጋጁ አዝዞኝ ጻፍኩ» የሚል ወረቀት ላይ እንድፈርም ነበር። ከፈረምኩ ለእራት ሽንኩርት ሲቀላ እናቴ ቤት እደርሳለሁ፤ አዘጋጁ በእኔ ቦታ እስር ቤት ይገባል።

ቢሮው ከሐይቆቹ በላይ ባለው ሰፈር፣ ሴቻ ጫፍ ላይ ነው። ከጨለማ ክፍል ለወጣ ዓይን የመስኮቱ ብርሃን ይበዛል። ሁለቱ ሐይቆች፣ አባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ ከመሬት ተነሥተው የሚንሳፈፉ መሰለኝ። የተገለጠ ጋዜጣ ይመስላሉ፤ መሃላቸው ያለው፣ የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጉብታ እጥፋቱ።

አብረውኝ የታሰሩ ጡረተኛ መምህር ጠዋት ስለዚህ ገጽ ነግረውኝ ነበር። ፈረንጆቹ «ኦፕ-ኤድ» ይሉታል፤ ከርዕሰ አንቀጽ ፊት ለፊት ማለት ነው። ርዕሰ አንቀጹ የጋዜጣው ድምፅ ስለሆነ የጸሐፊ ስም አይወጣበትም። ፊት ለፊቱ ያለውን ገጽ ግን ከጋዜጣው ውጭ ላለ ሰው ክፍት አደረጉት፤ የሚናገር በስሙ ይናገራል። ይህን ስሰማ ኦቾሎ መንደር አያቴ ዘንድ ያየሁት ዱቡሻ፣ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ፣ ትዝ አለኝ። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ተናጋሪው ብቻውን ይቆማል። ነገርኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ሁሉን ነገር ኦቾሎ ታደርሰዋለህ» ብለው ሳቁብኝ።

ለመርማሪው ስለ ገጹ አስረዳሁት። ሳያቋርጠኝ አዳመጠ።

«ታዲያ አዘጋጁ ለምን አወጣልህ?»

«ቦታ ሰጠኝ። የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«እሱ ቢሆን ይፈርምብህ ነበር።»

ይፈርምብኝ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም። አዘጋጁን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ጽሑፌን የላክሁት በፖስታ ነው። አሁን ጋዜጣ ስገልጥ ዓይኔ ቀድሞ የሰው ስም ያለበት ገጽ ላይ ያርፋል። ጣቴን እጥፋቱ ላይ ሳሳርፍ በዚያ መስኮት ያየሁት ውሃ በሁለቱም በኩል ቀስ ብሎ ይወዛወዛል።

ያን ቀን መርማሪው ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ። ማንም ሳያዘኝ ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ተቀመጥ።»

«ጽሑፉ የእኔ ነው» አልኩ ቆሜ።

«ተቀመጥ አልኩህ።»

አልተቀመጥኩም። ጠረጴዛውንም አልተደገፍኩም። ትንሽ አየኝ። ከዚያ ያልተፈረመውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ጋዜጣውን እንደተገለጠ ትቶ ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ።