ያለ ሐዘን የተለበሰ ጥቁር

ሰፈሩ ሁሉ ቁራ ይላታል። በስሟ የሚጠራት የመሥሪያ ቤቷ የደመወዝ ዝርዝር ነው፤ እናቷም ስሟን የምታነሳው ሲከፋት ብቻ ነው። መጋረጃ ቤት ትሠራለች። ለሆቴል፣ ለቢሮ፣ አዲስ ቤት ለገቡ ሙሽሮች መጋረጃ ስትሰፋ ትውላለች፦ ስድስት ሜትር ሄዶ ስድስት ሜትር የሚመለስ፣ ሐሳብ የማይጠይቅ ቀጥ ያለ ስፌት። ሐሳቧን ለራሷ ልብስ ታስቀምጠዋለች።

ልብሷ ጥቁር ነው፤ ያውም ዝም ብሎ ጥቁር አይደለም። ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚወርድ ካፖርት፣ አገጭ የሚነካ ኮሌታ፣ እጅጌው ጫፍ ላይ ዳንቴል፣ ከኋላው እንደ ጫማ በማሰሪያ የሚጠብቅ ቀሚስ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ላይ እንዲህ የለበሱ ሴቶችን ፎቶ በስልኳ አየችና ልቧ እዚያው ቀረ። ሱቅ ለሱቅ ዞረች፤ የለም። አንዱ ነጋዴማ «እህቴ፣ እንዲህ ያለውን ጠንቋይ ቤት ጠይቂ» ብሎ ሰው አሳቀባት።

ካልተገኘ ራሴ እሰፋዋለሁ ብላ ተነሳች። የመጋረጃ ቤቷ ባለቤት ብርሃን የሚከለክለውን ጥቁር ገበር ቁርጥራጭ ስትጥል አይታ ለመነቻት፤ ሴትዮዋም «ውሰጂው፣ ተገላገልኩ» አለቻት። የመጀመሪያውን ካፖርት ሰፍታ ለብሳው ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ መያዣውን ልትይዝ ክንዷን ብታነሳ አልነሳ አላት። ለካ የቀኙን እጅጌ በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገጥማዋለች። በየኩርባው ሰው ላይ እየወደቀች «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ስትል መሥሪያ ቤቷ ደረሰች። በማግሥቱ ፈትታ ገጠመችው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ስፌቷ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የማይታወቅ ሆነ።

የሰው አፍ ግን አልተሰፋም። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «ማን ሞተብሽ?» ይላታል። መጀመሪያ መጀመሪያ «ኧረ ማንም፣ ወድጄው ነው» እያለች ታስረዳ ነበር። ቆይታ ሰለቻትና «አንተ» ብላ ማለፍ ጀመረች።

እናቷ በዚህ አትስቅም። «ጥቁር የሞት ልብስ ነው» ትላታለች። «በሩን ከፍተሽ ግባ እያልሽው ነው። አታሟርቺብን፣ በቁማችን አትቅበሪን!» አክስቷ፣ የእናቷ እህት፣ ደግሞ ቤት በመጣች ቁጥር ልጅቷ ያለችበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ትታለች።

ከዚያ ቤት የሚያግዛት አባቷ ብቻ ነበር። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። «ተያት» ይላል ሚስቱን፤ «እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የመረጠልኝን ሰማያዊ ለበስኩ። እሷ የፈለገችውን ትልበስ።» ጨርቅ ስትቆርጥ ከጎኗ ቁጭ ብሎ የሜትሩን ጫፍ ይይዝላታል። ዳቦ ልኳት ከዘገየችም «የቁራ መልእክተኛ ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እኔው ወልጃታለሁ» እያለ ይስቃል።

አንድ ቀን ስትሰፋ ሲያያት ቆየና «ለኔስ?» አላት።

«ምን?»

«ከዚህ ከጥቁሩ። ሰደርያ ብጤ። ሽማግሌ አይለብስም ያለ አለ?»

ሰፋችለት። ውስጡ ወይን ጠጅ ገበር፣ ፊቱ ላይ ስምንት አዝራር፣ ጀርባው ላይ ወገብ የሚይዝ ሽንሽን። ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ለብሶት ዋለ፤ መስተዋት ባየ ቁጥር ደረቱን ይነፋል። እናቷ «እሱንም አስገባሽው?» ብላ ዞራ ሄደች። ቅዳሜ ጠዋት ሰደርያውን እንደለበሰ ፀጉሩን ሊስተካከል ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ «እስቲ ዛሬ ደግሞ ሰው ይየኝ!» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው ሲዞር የሽማግሌው አንገት ዘንበል አለ። ያንቀላፋ መስሎት «አባባ፣ ትንሽ ቀና ይበሉ» አለው። መልስ የለም። ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት። ሐኪሞቹ ደረቱን ለማግኘት ሰደርያውን በመቀስ ሰነጠቁት፤ ልቡ ግን ቀድሞ ቆሞ ነበር።

ዕቃውን በፌስታል አድርገው ለእሷ ሰጧት፦ ጫማ፣ ሰዓት፣ ሰደርያ። ቤት ገብታ ሰደርያውን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። መቀሱ ስፌቱን ተከትሎ አልሄደም፤ ደረቱን በሰያፍ አቋርጦታል። አዝራሮቹ ስምንቱም እንደተቆለፉ ናቸው። «አራት ባደርገው ኖሮ» አለች በልቧ። «አራት ቢሆን ቶሎ ይከፈት ነበር።» ሐኪሙ አዝራር የገደለው ሰው እንደሌለ ቢነግራት እንኳ የምትሰማው አይመስልም። ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ አክስቷ ድምፅዋን ሳትቀንስ «ስትጠራው ኖራ መጣላት፤ ከዚያማ አለበሰችውና ሰጠችው» ስትል ሰማቻት። እናቷ አክስቷን ዝም በይ አላለቻትም።

ታላቅ ወንድሟ ሚስቱን ይዞ ከሌላ ከተማ መጣ። ቀብሩ ሰኞ ተባለ። እሁድ በማለዳ ወንድሟ ሁለት ጥቅል ጥቁር ብትን ጨርቅ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ «ለእማዬ፣ ለአክስታችን፣ ለባለቤቴ» አላት። «የተሰፋ ፈልጌ ነበር፤ ለአንዷም የሚሆን አጣሁ። እንግዲህ አንቺ ነሽ እንጂ ሌላ ማን አለን?»

እንዲህ ያላት ሰው ከዚያ ቤት እሱ የመጀመሪያው ነው። በሐዘኗ መሐል እንኳ ደስ አላት፤ ደስ በማለቷም አፈረች።

እናቷን ልትለካ ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ «ተነሽልኝ እማዬ» ስትላት ተነሳች። በትከሻዋ፣ በደረቷ፣ በወገቧ ሜትሩን አዞረች። እናቷን እንዲህ ካቀፈቻት ስንት ዓመት ሆናት? የሳሙናዋን ሽታ ረስታው ኖሯል። ሜትሩ ከእጇ ወደቀ፤ ጎንበስ ብላ ስታነሳው እናቷ ከላይ ተናገረች።

«እንግዲህ ደስ ይበልሽ። ሁላችንንም እንዳንቺ አደረግሽን።»

ቀና አላለችም። ቀሚሱ እስከየት እንዲወርድ እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። እናቷ እስከ ቁርጭምጭሚት አለች።

ቀኑን ሙሉ ሰፋች። ምሳ አምጥቶ የሰጣት የለም፤ እሷም አልራባትም። ለአክስቷ ወፍራም ክንድ እጅጌውን ሰፋ አደረገችው፤ ለወንድሟ ሚስት ሆዷ እንዳይታይ ጎኑን በሽንሽን ሸፈነችው። የእናቷን ኮሌታ ሦስት ጊዜ ፈትታ ሰፋችው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስቱም ቀሚሶች መስቀያ ላይ ነበሩ፤ ከጨርቁ የተረፈው መሀረብ እንኳ አይወጣውም።

ወንድሟ ቀሚሶቹን አየና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንቺ ነገ ያንን የምትለብሺውን ለብሰሽ አትመጪም አይደል?»

«የቱን?»

«ያንን ዳንቴል ያለውን፣ ኮሌታ ያለውን። በአባዬ ቀን ሰው እንዲስቅብን አልፈልግም።»

«ጥቁር እኮ ነው።»

«ጥቁርማ ጥቁር ነው» አለ። «ግን ያንቺ ነው።»

ጨርቅ አልቋል፤ ሱቅ ተዘግቷል። የወንድሟ ሚስት ከሻንጣዋ አንድ ግራጫ ቀሚስ አውጥታ «ይቺ ትሁንሽ፣ ጨዋ ልብስ ናት» ብላ ሰጠቻት። ትከሻው ሰፍቷት፣ ወገቡ ጠቦባት፣ በማግሥቱ ለብሳው ወጣች።

ሦስቱ ሴቶች ሬሳውን ተከትለው ከፊት ሄዱ። ቀሚሳቸው ከላያቸው የበቀለ ይመስል ነበር፤ ሲራመዱ አንድ እጥፋት አይዛባም። አንዲት ጎረቤት በለቅሶው መሐል «ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የሰፋላቸው?» ብላ ጠየቀች። አጠገቧ የነበረችው ግን ሌላ ነገር አይታለች።

«ልጅቱን ተመልከቻት! ሰው ሳይሞት ዓመት እስከ ዓመት ጥቁር ለብሳ፣ አባቷ ሲሞት ግራጫ! ምን ዓይነት አንጀት ነው?»

ወንድሟ ይህን ሰምቷል፤ ሁለት እርምጃ ከፊቷ ነበር። «እኔ ነኝ ያልኳት» ቢል ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር። መሬት መሬት እያየ ሄደ። እሷም ዓይኑን ጠበቀችው፤ እስከ መጨረሻው አልዞረላትም። የአባቷን ሳጥን ሲያወርዱ ልታለቅስ ፈልጋ እንባ እምቢ አላት፤ ለዚህም የሚያወራ አልጠፋም።

ዓመቱ ሲሞላ እናቷ ጥቁሯን አውልቃ አበባ ያለበት ቀሚስ ለበሰች። ያን ዕለት ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ሐዘኑ አልቋል። አንቺም አውልቂ።»

«እኔ እኮ ለሐዘን አልለበስኩትም፣ እማዬ።»

«ለዚህ ነው አውልቂ የምልሽ። በዚህ ቤት ሁለተኛ ሰው እንዲሞት አልፈልግም።»

በዚያው ሳምንት ስፌት መኪናዋን አስጭና ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ቤት ጀርባ ክፍል ተከራየች። እናቷ ውጪ ብላ አላባረረቻትም፤ ተመለሺም አላለቻትም። በወሩ ልትጠይቃት ሄደች። እናቷ በሩን ገርበብ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየቻትና «እንግዳ አለብኝ» አለች። ከውስጥ የሰው ድምፅ አይሰማም። ሁለተኛ ስትሄድ በሩም አልተከፈተም።

አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ቀን መጋረጃ ትሰፋለች፤ ከሥራ ስትመለስ ለራሷ። ባለፈው ክረምት ማዕዘኑ ላይ ካለው ዳቦ ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ ቢሆናት ነው፣ ፊቷ ላይ ዱቄት እንዳለ ክፍሏ ድረስ መጣች። ካፖርቱን በየቀኑ እያየች አላስችል ብሏት ኖሯል።

«እትዬ፣ እንዲህ መስፋት ያስተምሩኛል? ክር መቁረጥም ቢሆን፣ መጥረግም ቢሆን አግዛለሁ።»

ይህን የሚላት ሰው ሲመጣ አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። ወንበር ልትስብላት እጇን ዘረጋች። ከዚያ አፏ ያላሰበችውን ተናገረ።

«አባት አለሽ?»

«አለኝ።» ልጅቷ ግራ ገባት። «ምነው?»

«እንግዲያው ይቅርብሽ።»

«አባቴ እኮ አይቆጣም! እንዲያውም እሱ ነው ሂጂ ጠይቂያት ያለኝ።»

ይህን ስትሰማ ጭራሽ ፊቷን አዞረች። «ጊዜ የለኝም» አለቻት። «ሂጂ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ።» ልጅቷ «እሺ፣ ይቅርታ» ብላ ወጣች። የእናቷንና የአክስቷን ቃል ስንት ዓመት ስትከራከረው የኖረችው ሴት፣ ለካ ውስጥ ውስጡን አምናዋለች። ያን ዕለት የስፌት መኪናዋን ሳትነካ ተቀመጠች።

ከሁለት ወር በኋላ ልጅቷን አውቶቡስ ውስጥ አየቻት። ራሷ የሰፋችው መሆኑ የሚያስታውቅ ጥቁር ጉርድ ለብሳለች፤ ጠርዙ ባንድ ወገን ዝቅ፣ ባንድ ወገን ከፍ ብሏል። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ፈትቶ፣ አስተካክሎ፣ መልሶ መስፋት ነው። ልጅቷ አየቻትና ፈራ ተባ እያለች ፈገግ አለች። እሷ ግን ወደ መስኮቱ ዞረችና መውረጃዋ ሳይደርስ ወረደች።