የይመኙሻል ክራርና የዋለ ሳጥን

ዋለን የማያውቅ ሬዲዮ ቦንጋ ውስጥ የለም። ሰው ሊስተው ይችላል፤ ሬዲዮ ግን አይስተውም። መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ጠባብ ሱቁ ቁጭ ብሎ የከተማውን ቴፕ፣ ቴሌቪዥንና ድምፅ ማጉያ ሲጠግን ጸጉሩ ሸበተ። አንድ ነገር ብቻ መጠገን አቅቶታል፤ ቅናቱን። ለወጉ ያህል ሳይሆን የምሩን፣ ከአንጀቱ የሚቀና ሰው ነው።

ደግሞስ ለምን አይቅና! ሚስቱ ይመኙሻል ክራር መቺ ናት። በካፊኖኖም በአማርኛም እያዜመች ከሺሺንዳ እስከ ዋጫ ሰርግ ታደምቃለች። ክራሯ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ከክሮቹ የሚወጣው ደካማ ድምፅ ስፒከሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ጉልበት የሚሰጠው ፕሪአምፕ የሚሉት ትንሽ ዕቃ አለው። የመጀመሪያውን ፕሪአምፕ የሠራላት ዋለ ነው። ከሶኬት ኃይል ተቀብሎ ለፕሪአምፑ የሚያቀብለውን ባለ ትራንስፎርመር ጥቁር ሳጥንም፣ ገና ሽማግሌ ሳይልክባት፣ በገዛ እጁ ጠምጥሞ ሰጥቷታል። ሌላው ቀለበት ይሰጣል፤ ዋለ ትራንስፎርመር ሰጠ።

ዘንድሮ ታዲያ አብርሃም መጣ። ከደሴ ተመድቦ የመጣ ወጣት የፊዚክስ መምህር ነው። ቤዝ ጊታር ይጫወታልና የሰርግ ቡድኑ ውስጥ ገባ። መግባቱስ ይግባ። የይመኙሻልን ፕሪአምፕ አይቶ «እትዬ፣ ይሄ ዕቃ የክራርዎን ድምፅ አፍኖታል» አለና አዲስ ሠርቶ አመጣላት። እሷም ሞክራው «እሰይ!» አለች። ያቺ በወሬ የሰማት «እሰይ» በዋለ ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰነቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ሲስቅ፣ ሻይ ሲጠጣ፣ ጃኬቱን ሲሰቅል ሁሉ ይከታተለው ጀመር። ሚስቱ ጆሮዋን ለሌላ ሰው እየሰጠች መሰለው፤ ጆሮ ከሄደ ደግሞ ልብ ምን ይቀረዋል?

የሺሺንዳው ሰርግ ሊደርስ ሲል፣ አንድ እሁድ ከሰዓት ቡድኑ በዋለ ሳሎን ተለማመደ። ሌላ ጊዜ ሱቅ ስለሚውል ልምምዱን አይቶት አያውቅም ነበር። ይመኙሻል ክራሯን ሳትነካው ስፒከሩ ጥዝዝዝ ይላል፤ የማንኪራ ጫካ የንብ ቀፎ ሳሎኑ ውስጥ የተሰቀለ ይመስላል። የአብርሃም ፕሪአምፕ ጮኸ! ዋለ ደስታውን የሚደብቅበት ቢያጣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተዉት፣ እኔ አየዋለሁ» አለ።

መጀመሪያ ገመዱን ቀየረ፤ ጥዝታው እዚያው። የሳሎኑን አምፖል አጠፋ፤ የሁሉንም ሞባይል ከቤት አስወጣ፤ እዚያው። ከዚያ የአብርሃምን ፕሪአምፕ ከፈተው፤ እዚህ ላይ እጁ ፈጠነ።

«ይሄ ብየዳ ነው ወይስ ምራቅ?» አለ።

አብርሃም የተፈቱትን ብሎኖች በመዳፉ ሰበሰበ። ዋለ ብየዳውን ሁሉ እንደገና በየደው፣ ቆርቆሮ ቆርጦ ሸፈነው፣ የመሬት ገመዱን አጠበቀው። ጥዝዝዝ።

«ጋሽ ዋለ፣ ምናልባት...»

«ምናልባት ምን?»

«ኧረ ምንም።»

ከበሮ መቺው ማሙሽ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ሱቁ ለሚመጣ ዕቃ ቢሆን ዋለ መጀመሪያ የሚያየው ኃይል የሚያቀብለውን ነበር። ዛሬ ግን የአብርሃም እጅ የነካውን ሁሉ ሲበረብር የራሱ እጅ የሠራውን ዞር ብሎም አላየው። ቅናት ዓይን ብቻ አይደለም የሚያሳውረው።

ሲደክመው ወንበር ላይ ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ። ጫማው ከይመኙሻል በርጩማ ስር ያለውን ጥቁር ሳጥን ገፋው። ጥዝታው ቀጠነ። ዋለ ደነገጠ። ሳጥኑን ወደ ቦታው መለሰው፤ ጥዝዝዝ። ገፋው፤ ቀጠነ። ማንም እንዲያስረዳው አላስፈለገም። የሚጮኸው የእሱ ትራንስፎርመር ነው፤ ለክራሩ ስለተጠጋ ጩኸቱን ያጋባበታል። ድሮም ይጮህ ነበር። አሮጌው ፕሪአምፕ ደካማ ስለነበር ከክራሩ ድምፅ ጋር አደባልቆ አፍኖት ነበር፤ ጎበዙ አዲሱ ግን የክራሩንም የሳጥኑንም አጉልቶ አወጣው።

አንገቱን ሲያነሳ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ያን ጊዜ ገባው። ያውቁ ኖሯል! ታላቅ ሰው በገዛ ቤቱ፣ በሚስቱ ፊት እንዴት ይታረማል ብለው፣ ይሉኝታ ይዟቸው፣ ልምምዱን ሁሉ ከነጥዝታው ሲገፉት ከርመዋል። ቢስቁበት በተሻለው ነበር። በተለይ ይሄ ልጅ ለእሱ ማዘኑ አንጀቱን አሳረረው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለ አብርሃምን።

«ከመጀመሪያው ቀን፣ ጋሽ ዋለ። አዲሱ ፕሪአምፕ በባትሪም ስለሚሠራ ሳጥኑ ይነሳ ብዬ ነበር። እትዬ ናቸው እምቢ ያሉት።»

ዋለ ወደ ሚስቱ ዞረ። ይመኙሻል ክራሯን ጭኗ ላይ አጋደመች።

«አንተ የሠራህልኝን እኔ በሰው ፊት ከአጠገቤ አላነሳም» አለች። «ይነሳ ካልክ አንተው አንሳው።»

«ለእኔስ ለምን አትነግሪኝም?»

«የዚህን ልጅ ስም ባነሳሁ ቁጥር ፊትህ ምን እንደሚመስል አይተኸው ታውቃለህ?»

ማሙሽ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አፉን በእጁ ያዘ።

ዋለ ተንበረከከና ሳጥኑን ከሶኬት ነቀለው። አብርሃም ከኪሱ ባትሪ አውጥቶ አቀበለው። ለካ ይዞት ይዞር ነበር፤ ይሄም አበሸቀው። ቢሆንም ገጠመው። ስፒከሩ ጭጭ አለ። ይመኙሻል አንዱን ክር ነካች።

ጣቷ ክሩ ላይ ሲያርፍ ተሰማ፤ ስትለቀው ተሰማ፤ ድምፁ ቀስ እያለ ሲያልቅም ተሰማ። ዋለ ከዚህች ሴት ጋር አንድ ጣሪያ ስር ኖሮ፣ ክራሯን ሲያዳምጥ የከረመው በገዛ ጩኸቱ ውስጥ ነበር።

«አብርሃም፣ እጅህ ይባረክ!» አለ ማሙሽ።

ሁሉም ዋለን አዩት።

«ይባረክ» አለ ዋለም። እንዴት እንደወጣለት እሱ ያውቃል።

ይመኙሻል ማዜም ጀመረች። ሚስቱ ከእሱ እንዳልራቀች ገብቶታል፤ በዚህስ ልቡ አርፏል። አሁን የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ያን ጥርት ያለ ክራሯን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ዛሬ ነው፤ አብርሃምም እዚያው ቆሞ ከእሱ እኩል ሰማው።