የሃምሳ ደቂቃ ሽኝት

ከካናዳዋ ካልጋሪ እስከ ሰሜን ዋልታ ባለው ምድር ላይ ካሜራን እንደ እኔ ቀስ አድርጎ ከሰማይ ወደ መሬት ማውረድ የሚችል ሰው አልተፈጠረም። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ባለፈው ሳምንት በዌብሳይቴ በኩል የደረሰኝ ኢሜይል ነው። እርግጥ ኢሜይሉ ስለ ሰሜን ዋልታ ያነሳው ነገር የለም። ዋልታውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

የጻፈልኝ እዚሁ ካልጋሪ የተወለደ የኮሌጅ ተማሪ ነው። "ሃይ ጋሼ፣" ይላል፣ "አማርኛዬ ሶ ሶ ነው፣ ሶሪ። 'ሽኝት' የሚለውን ታይም ላፕስዎን አሥር ጊዜ አየሁት። ካሜራው ከተራራው ጀምሮ ስሎውሊ ወደ ሰዎቹ ሲወርድ፣ ኦ ማይ ጋድ! የትኛውን ሞተር ነው የተጠቀሙት? ስፒዱስ ስንት ነበር? ለክላስ ፕሮጀክቴ እንደዛ መሥራት እፈልጋለሁ።"

ዌብሳይቴን ለማታውቁት፣ በትርፍ ጊዜዬ እየዞርኩ ያነሳሁትን ሁሉ የምሰቅልበት ቤቴ ነው። ሐይቅ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ ድብ አለ። ድቡ ትንሽ ራቅ ስላለ ሚስቴ ጉቶ ነው ትላለች። ከሁሉ የምኮራው ግን በታይም ላፕሱ ነው። ካሜራውን አንድ ቦታ አቁመህ በየአሥር ሰከንዱ አንድ ፎቶ እንዲያነሳ ታዘዋለህ፤ ኋላ ፎቶዎቹን ደርድረህ ስታጫውታቸው የአራት ደቂቃ ዕድሜ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ያልፋል። ደመናው እንደ ፈረስ ይጋልባል። ጥላው ይሮጣል። ሰውም ምን ያህል ቅብጥብጥ ፍጡር እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የሚታወቀው።

ለልጁ መልስ መጻፍ ጀመርኩ። "ጥያቄህ የባለሙያ ጥያቄ ነው፤ ሞተሩ ጀርመን አገር በልዩ ትእዛዝ የተሠራ ሲሆን..." እያልኩ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ እንደደረስኩ ሚስቴ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ከኋላዬ ቆመች።

"ዛሬ ደግሞ ጀርመን ሠራሽ ሆነ?" አለች። "ባለፈው ለጠየቀህ ሰውዬ ጃፓን አልነበረም?"

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ያ እዚሁ ካልጋሪ፣ ዶቨር የሚባለው ሰፈር ያሳለፍኩት ክረምት ከነጭቃው መጣብኝ።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ዶቨር ውስጥ የእትዬ አስካለን ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱን፣ ተከራይቼ፣ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየደረደርኩ፣ ቀን ደግሞ በዓለም የታወቅኩ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ዓለም ገና አልሰማም እንጂ። ዌብሳይቴን በቀን ሦስት ሰው ይጎበኘው ነበር፤ ሁለቱ እኔ ነኝ፣ ሦስተኛዋ እህቴ።

ካሜራዬ ጥሩ ነበር፤ ሌንሱ የበርበሬ ሙቀጫ ያህል ይከብዳል። ያ ሙቀጫ የሚቀመጥበት ባለሦስት እግር ማቆሚያ፣ ትራይፖዱ ማለቴ ነው፣ ፓይንሪጅ ሰፈር ውስጥ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥበት ጋራጅ ሴል የገዛሁትና በዕድሜ እኔን የሚያስከነዳ ነበር። ሽማግሌው ከትራይፖዱ ጭንቅላት ሥር አንድ ነገር ሊያሳየኝ ጎንበስ ሲል፣ "አይ ኖው፣ አይ ኖው!" ብዬ ተቀብዬው ሄድኩ። ይህችን "አይ ኖው" ያዙልኝ።

ሰናይትን የማውቃት ከአማርኛ ጸሎት ቤታችን ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ካናዳ የመጣች፣ ነርሲንግ የምትማር፣ ስትስቅ ትከሻዋ ቀድሞ የሚስቅ ልጅ ነበረች። ተራራ ወስጄ ላሳይሽ ብዬ አራት ጊዜ ጠይቄያት አራት ጊዜ "ሌት ሚ ቲንክ" ብላኛለች። አንድ እሁድ የወጣቶች ፕሮግራም ስናዘጋጅ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዱ ሰው ስለ ፍጥረት ውበት አንድ ነገር ያቅርብ ተባለ። አንዱ መዝሙር አለ፣ ሌላው ግጥም። እኔ ተነሳሁ።

"የቺኑክን ቅስት በፊልም አሳያችኋለሁ" አልኩ። ቺኑክ እኛ አገር፣ ካልጋሪን ማለቴ ነው፣ በክረምት መሀል ከተራራው ድንገት የሚወርድ ሞቃት ነፋስ ነው። ትናንት ማይነስ ሃያ አምስት የነበረው ዛሬ ጃኬት ያስወልቃል። ሲመጣም በምዕራብ ሰማይ ላይ ደመናው እንደ ድልድይ ቅስት ይዘረጋል፤ ከሥሩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ይቀራል። "ከከተማው በስተምዕራብ፣ ከኮክረን ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ" ብዬ ቀጠልኩ፣ "ከንጋት እስከ ማታ ሳልቀመጥ፣ ጢሜ በረዶ እስኪሠራ ቆሜ አነሳዋለሁ።"

"ጢም የለህም እኮ" አለች ሰናይት።

"እስከዚያ ይበቅላል።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ፕሮግራሙ ሲያልቅ ወደ እኔ መጣች። "ታዴ፣ አንተ የምትለውን ሁሉ ባምን እስካሁን ሦስት ድብ በቦክስ መተሃል። እሺ፣ ዲል እናድርግ። ጀስት ዋንስ፣ ያልከውን ነገር ልክ እንዳልከው አድርገህ አሳየኝ። ካሳየኸኝ በረዶው ሲለቅ ተራራ አብሬህ እሄዳለሁ።"

"ካላሳየሁሽስ?"

"ካላሳየኸኝ ሁለተኛ አትጠይቀኝም።"

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከሺፍት ወጥቼ ቀጥታ ወደ ምዕራብ ነዳሁ። ከጎኔ እትዬ አስካለ በቶስት ዳቦ መሀል ምስር ወጥ አድርገው የጠቀለሉልኝ ሳንዱች አለ፤ መኪናው በሙሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ኮክረን ስደርስ ቅስቱ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ጠበቀኝ። እንዲህ ያለ ሰማይ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ኮረብታው ላይ ፓርክ አድርጌ በሩን ከፈትኩ። የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የቀረውን ነፋሱ ጨረሰው። ኮፍያዬ ወደ ምሥራቅ ተነሳ፤ እስካሁን አትላንቲክን ሳይሻገር አይቀርም። ሳንዱቹም ተከተለው። ትራይፖዱን ዘረጋሁ፣ ወደቀ። ዘረጋሁ፣ ወደቀ። በሦስተኛው አብሬው ወደቅኩ። ከንጋት እስከ ማታ እቆምበታለሁ ባልኩት ኮረብታ ላይ የቆየሁት አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ከእሱም ውስጥ ሰባቱን መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው።

አፌን ሞልቼ የተናገርኩት ሁሉ እየከበደኝ ወደ ቤት ተመለስኩ። ዶቨር ከወንዙ በላይ ከፍ ያለ ሰፈር ነው። ከእትዬ አስካለ ፎቅ፣ አሮጌ ሻንጣ ከሚከመርባት ክፍል መስኮት፣ ያ ቅስት ከነተራራው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰማይ አንድ ነው አልኩ ለራሴ። ተራራውም ያው ተራራ ነው። ሰው ሲዋሽ እንዴት ያለ ፈላስፋ ይሆናል! ካሜራውን ትራይፖዱ ላይ አድርጌ መስኮቱ ላይ ደገንኩ፣ ጣሪያና የመብራት እንጨት እንዳይገባ ወደ ላይ ቀና አደረግኩት፣ በየአሥር ሰከንዱ እንዲያነሳ አዘዝኩትና ቤዝመንት ወርጄ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

"አንተ ታደሰ! ተነስ! ጋሽ መኩሪያ ሊሄዱ ነው፣ አትሸኝም?"

የእትዬ አስካለ ድምፅ ነበር። ጋሽ መኩሪያና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ከፓይንሪጅ ሊጠይቋቸው መጥተው ኖሯል። ከፓይንሪጅ ዶቨር በመኪና ሩብ ሰዓት ነው፤ በማግሥቱም ሁላችንም ጸሎት ቤት መገናኘታችን አይቀርም። ቢሆንም ሽኝት ሽኝት ነው። ትልቅ ሰው ሲሄድ ተኝቶ የሚቀር ተከራይ ከተከራይነትም ከሰውነትም ይወጣል። በፒጃማ ሱሪዬ ላይ በሩ ጋ የተሰቀለውን የእትዬ አስካለን ሮዝ የመታጠቢያ ጋውን ደርቤ ወጣሁ።

"በሉ እንግዲህ፣ እኛ እንሂድ" አሉ ጋሽ መኩሪያ የመኪናውን በር ይዘው።

"ምን ያስቸኩላችኋል?"

"ኧረ ብዙ ቆየን። ይልቅ እናንተ ግቡ፣ ይበርዳችኋል።"

"መጀመሪያ እናንተ ሂዱና!"

እትዬ አስካለ በአራት ሊትር የአይስክሬም ባልዲ ቋንጣ ፍርፍር ሞልተው ይዘዋል። "አስኩ፣ ባለፈው የሰጠሽን መች አለቀ!" ይላሉ እትዬ ዘነበች። "በሞቴ ዘኒ! እኔ ልሙት!" ይላሉ እትዬ አስካለ። እኔ እንቅልፌን በቁሜ እየጨረስኩ አዎ፣ እሺ፣ አሜን እላለሁ። ሲሄዱ ተመልሼ ተኛሁ።

ከሰዓት በኋላ ካሜራውን አነሳሁት፤ ሁለት ሺህ ምናምን ፎቶ። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ይህን ደርድሮ ፊልም እስኪያደርግ ሰው ተጋብቶ ይወልዳል። እሁድ ጠዋት ሲጨርስ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ሰከንዶች አየሁ። ቅስቱ ይተነፍሳል፣ ደመናው ከተራራው ላይ እንደ ወተት ይገነፍላል። ብቻዬን ጨፈርኩ። የቀረውም ይኸው ነው ብዬ ዘጋሁት። ረፍዶብኝም ነበር።

ጸሎት ቤቱ ሞልቶ ነበር። የወጣቶች ፕሮግራም ቢባልም ከፕሮግራሙ በኋላ ምሳ ስላለ ትልልቆቹም አልሄዱም፤ ጋሽ መኩሪያና እትዬ ዘነበች ከፊት ወንበር፣ እትዬ አስካለ ከጎናቸው። ሰናይት እጇን አጣጥፋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። "ይህ ፊልም" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "የሰው እግር ካልረገጠው ኮረብታ ላይ የተነሳ ነው።" መብራት ጠፋ።

ሃያ ሰከንድ ሙሉ ደመናው በግድግዳው ላይ ገነፈለ። አንድ ሰው "ጌታ ሆይ!" አለ። ሰናይትን በጨረፍታ አየኋት፤ አፏ ተከፍቷል። ዓለም የእኔ ነበረች።

ከዚያ ተራራው ቀስ እያለ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

በመጀመሪያ አልገባኝም። ተራራ አይወጣም። ለካ የሚወርደው ካሜራው ነው። የሙቀጫው ክብደት የትራይፖዱን አንገት በሰዓታት ውስጥ ቅንጣት በቅንጣት አስደፍቶት ኖሯል። ሰማዩ ጠበበ። የመብራት እንጨት መጣ። የጎረቤት ጣሪያ ከነጭስ ማውጫው መጣ። ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ የጋሽ መኩሪያ ሰማያዊ መኪና፣ ከዚያ አራት ሰዎች፤ አንደኛው ሮዝ ጋውን ለብሷል።

"ኮክረን እንዲህ ዶቨርን ትመስላለች እንዴ?" አሉ ጋሽ መኩሪያ በጨለማው ውስጥ።

መሬት አልተከፈተችልኝም። ፊልሙ ቀጠለ። የሃምሳ ደቂቃው ሽኝት በአሥራ ሁለት ሰከንድ ሲያልፍ ልንገራችሁ። የአይስክሬም ባልዲዋ ከእትዬ አስካለ ወደ እትዬ ዘነበች፣ ከእትዬ ዘነበች ወደ እትዬ አስካለ እንደ መረብ ኳስ ትመላለሳለች። ጋሽ መኩሪያ መኪና ይገባሉ ይወጣሉ፣ ይገባሉ ይወጣሉ። የግቢው በረዶ ከሥራቸው ይሸሻል፣ ውሃው መንገዱን ይዞ ይወርዳል፣ ጥላቸው ይዞራል፣ ክረምት አልፎ ጸደይ ይመጣል፤ እነሱ ግን ገና አልተሰነባበቱም! ባለ ጋውኑ ደግሞ ሲያዛጋ፣ ሲጎነበስ፣ ሲያዛጋ፣ ሲጎነበስ። በመጨረሻ ባልዲዋ መኪናው ጣሪያ ላይ ተቀመጠች፣ ሁሉም ተሳሳሙ፣ መኪናው ባልዲዋን ተሸክሞ ሄደ።

"አየህ! አየህ መኩሪያ!" እትዬ ዘነበች ከወንበራቸው ተነሱ። "ሌሊቱን ሙሉ እኔን 'አንቺ ነሽ ረስተሽ የመጣሽው' ስትለኝ! ጣሪያ ላይ ነበር!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፊልሙ በመስኮቱ ደፍ ላይ በሞተች አንዲት ዝንብ አለቀ። ለዝንቧም አጨበጨቡላት።

መብራት ሲበራ ሰናይት እንባዋን እየጠረገች መጣች። ትከሻዋ አልቆመም። "ኮክረን፣ ኸ?"

ልዋሽ ጀምሬ ተውኩት። "ሄጄ ነበር" አልኳት። "አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየሁ። ኮፍያዬን ነፋስ ወሰደው፣ ሳንዱቼንም። ፈርቼ ተመለስኩ።"

"ዌይት። ይሄኛው እውነት ነው?"

"ይሄኛው እውነት ነው።"

"ዲል ዲል ነው፣ ተሸንፈሃል፤ ሁለተኛ አትጠይቀኝም" አለች። አንገቴን ደፋሁ፣ እንደ ካሜራዬ። "ግን እኔ ልጠይቅህ። እዚያ ቤት እንግዳ ሆኜ ብመጣ እንደዚህ ነው የምትሸኙኝ?"

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች። እትዬ አስካለ አንድ ሰዓት ከሩብ ሸኟት፤ ባልዲዋንም ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። በበጋው ተራራ ሄድን፣ የጠየቀችኝ እሷ ናት። ዛሬም የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ከኋላዬ የቆመችው እሷው ናት። እትዬ አስካለ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ሲናፍቁኝ ፊልሙን ከፍቼ ባልዲያቸውን ይዘው ሲሯሯጡ አያቸዋለሁ። በዌብሳይቴ ላይ ካሉት ተራሮች ሁሉ ሰው የሚያየው ያቺን አሥራ ሁለት ሰከንድ ነው፤ ሰማዩን ማንም አይጠይቀኝም።

"እውነቱን ጻፍለት" አለች ሰናይት። "ልጁ ፕሮጀክት አለበት።"

የጀርመኑን ሞተር ደመሰስኩትና እንዲህ ብዬ ላክሁለት፦

"ልጄ፣ ሞተር የለውም። ስፒዱን የወሰነው የሌንሱ ክብደት ነው። ትራይፖዱ ከጭንቅላቱ ሥር የሚጠብቅ ብሎን አለው፤ ሻጩ ሊያሳየኝ ሲል አውቃለሁ ብዬ አቋርጬው ነበር። ከዚያ በኋላ በመጣው በጋ ሚስቴ ጎንበስ ብላ እስክታጠብቀው ድረስ ብሎን እንዳለው አላውቅም ነበር። ፊልሙ ሲነሳ ደግሞ ተኝቼ ነበር።"